የሐረር በሮችና የሐረር ትምህርት



የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ሲታነጽ የቀሩለት በሮች 5 ናቸው። ለመሐንዲስ በር ማለት በግንብ መካከል የተተወ ክፍተት ነው፤ ለሐረር ሰው ግን በር የጎረቤት መታወቂያም ነው። ሐረሪው አርጎብ በሪ የሚለውን አማርኛ ተናጋሪው ኤረር በር ይለዋል፤ አስመዲን በሪ ሸዋ በር፣ አሱም በሪ ፈላና በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር ተብለው ይጠራሉ። በድሮ በሪ ደግሞ በአማርኛ ቡዳ በር መባሉ በዚህ ጉባኤ ፊት ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም፤ ቡዳ የሚለው ቃል በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ በሚያድር ሰው ላይ ለብዙ ዘመን ሲለጠፍ የኖረ ስድብ ነውና፤ የምሕንድስናን ሙያ ከቀጥቃጩ የተረከበ ማኅበር ስድቡን የራሱ አድርጎ ቢቆጥረው አያስደንቅም።

የዛሬው ንግግር ጉዳይ የሃይማኖት ትምህርት የጸናባት ይህች ከተማ፣ ልዩ ልዩ ሕዝብን አቅፎ መያዝ ስለሚባለው የዘመኑ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ አላት ወይስ የላትም የሚለው ነው።

ሐረር በዘመናዊው ትርጉም ዩኒቨርሲቲ ኖሯት አያውቅም ይባል ይሆናል። ነገር ግን በግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሔክታር ያህል ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቆጠራቸው መስጊዶች 82፣ የቅዱሳን መካነ መቃብርና መታሰቢያዎች 102 ናቸው። በሒሳብ ሲታይ ለአንድ መስጊድ የሚደርሰው ቦታ ከ6,000 ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን፣ ማለትም የከተማ ቋንቋ ይሉታል፤ የቁርአን ትምህርት ቤቱንም ቁርአን ጌይ ብለውታል። ከተማና ትምህርት ቤት በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

ወደዚህ ትምህርት የሚመጣው ተማሪ የማን ዘር ነህ ተብሎ ከደጅ አይመለስም ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው ኪታቡን ይዞ ከከቢሩ ፊት ይቀመጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከሶማሌ አገር መጥተው በሐረር የተማሩት ሼኽ መደር በኋላ ሐርጌሳ ላይ የቃድርያን ጀማዓ መሥርተዋል፤ ያቺ መንደር ያደገችው በዚያ ጀማዓ ዙሪያ ነው። የሐረር ሊቃውንት ራሳቸው በዐረብኛ ብቻ አልተወሰኑም። ኪታብ አል ፈራኢድ የሚባለው የሃይማኖት ግዴታዎች መጽሐፍ የተጻፈው በዐረብ ፊደል፣ በጥንታዊው የሐረሪ ቋንቋ ነው። ይኸውም ዐረብኛ ያልዘለቀው የከተማው ሰው ግዴታውን በገዛ አፉ እንዲያውቅ የታሰበ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ማሳመር ለማንም አይጠቅምም። በሩ ሲመሽ ይዘጋ ነበር፤ የገጠሩ ሰው ጦሩን ከበር አስቀምጦ ይገባል፤ ገበያውን ጨርሶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል። በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባለው የመቀመጫ መደብ ሳይቀር እንደ ዕድሜና እንደ ክብር ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ 10 ቀን ሲሰነብት፣ አውሮፓዊ ገብቶባት የማይወጣባት ከተማ ትባል ነበር። ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ደግሞ መዘጋቱ በሌላ በኩል ሆነ። ግብፆች በፈረስ መጋላ ሠርተውት በነበረው መስጊድ ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ዛሬ የሐረር ሰው ሁለቱንም ታሪክ በአንድ አደባባይ እያየ ይኖራል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የራስ መኰንን ሐውልት መፍረሱም ይህ ትዝታ ገና ያልበረደ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ በሩን ያሰፋው ማን ነው ቢባል፣ ከትምህርቱ ውጪ የመጣ ሰው ብቻ አይደለም። ሼኽ በክሪ ሳጳሎ በ1895 እ.ኤ.አ. ገደማ የተወለዱ፣ በሐረርጌ የእስልምና ትምህርት ያደጉ የኦሮሞ ሊቅና ገጣሚ ነበሩ። ኪታቡን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ወደ ገበሬው ሄደው በኦሮምኛ አስተማሩ። የዐረብ ፊደል የኦሮምኛን ድምፅ አልሸከም ስላላቸው፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ለቋንቋው የሚስማማ አዲስ ፊደል ቀረጹ። ይህ ሥራ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ዕቃው ለሥራው አልሆን ሲል ሥራውን ሳይሆን ዕቃውን መለወጥ ነው። መንግሥት ግን ፊደሉን ከለከለ፤ እርሳቸውም በ1960ዎቹ በድሬዳዋ ተወስነው እንዲኖሩ ተደረገ። በ1978 እ.ኤ.አ. ወደ ሶማሊያ ተሰደው፣ በ1980 በስደት ላይ እንዳሉ ዐረፉ። እኒህ ሰው ሃይማኖታቸውን አላላሉም፤ ሕዝብን ለማቀፍም ከሌላ አገር ሐሳብ አልተዋሱም። ያደረጉት ነገር ትምህርቱን ተሸክሞ ከበር መውጣት ነው።

አሁን ወደ ሙያው እንመለስ። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በአንድ ወገን ለጫትና ለአትክልት እርሻ ውኃው ያለ ልክ ሲሳብ፣ በሌላ ወገን ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ሲሞላው፣ ሐይቁ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም ከተማዋ በእርሱ ብቻ ልትታመን አልቻለችም፤ በድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጕድጓዶች ውኃው በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ከ1,800 ሜትር በላይ ወደሆነው የሐረር ከፍታ እንዲወጣ ተደረገ። በግንብ የታጠረችው ከተማ ዛሬ ውኃዋን የምታገኘው ከግንቡ ውጪ፣ ከሌላ ሰው መሬት ሥር ነው።

እዚህ ላይ የአሮጌው በር ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። የቧንቧ መስመር በገበሬው ማሳ ላይ እያለፈ ለገበሬው ቤት አንድ ቦኖ ሳይተው ወደ ከተማ ቢወጣ፣ በንድፉ ላይ ስሕተት ላይገኝበት ይችላል፤ ግፊቱ በቂ ነው፤ ዲያሜትሩ ልክ ነው። ነገር ግን ያ መስመር ቀን ገበያ አስገብቶ ማታ የሚያስወጣው በር በብረት ተሠርቶ እንደገና መምጣቱ ነው፤ እንስራዋን ይዛ ከመስመሩ አጠገብ የምትኖር ሴት ይህን ለመረዳት ሥዕሉን ማንበብ አያሻትም። ለመንደሮቹ የሚቀነሰው ውኃ ለከተማው ከሚደርሰው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ የሚጨምረው ወጪም በመጀመሪያው ግምት ውስጥ ቢገባ የሚከብድ አይሆንም። ሥራው ካለቀ በኋላ ይጨመር ቢባል ግን መስመሩ ይበሳል፤ ግፊቱ ይዛባል፤ ቅሬታውም ቀድሞ ተወልዷል።

ስለዚህ በምሥራቅ ሐረርጌ የውኃ ጥናት የሚይዝ መሐንዲስ፣ የፓምፕ ጣቢያውን ቦታ ከመምረጡ አስቀድሞ፣ መስመሩ የሚያልፍባቸውን መንደሮች ሽማግሌዎችና ውኃ ቀጂ ሴቶች በኦሮምኛ አነጋግሮ የቦኖዎቹን ሥፍራ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ምልክት ማድረግ ይገባዋል።