ጭነቱን በሰላም ማድረስ፦ ለጀማሪ የጭነት መኪና ሾፌሮች የአነዳድ ዘዴና የመኪና አያያዝ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





አንድ ዩኒየን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ካፒታሉና ስለ ትርፍ ክፍፍሉ በሰፊው ይነገራል። ስለ መኪናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የተገዛ ዕለትና የተገለበጠ ዕለት ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል መኪናውን በየዕለቱ የሚጠብቀው የሾፌሩ ዓይንና እጅ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም አንድ ጀማሪ ሾፌር መጀመሪያ ሊያውቃቸው የሚገቡትን የአነዳድ ዘዴዎችና የመኪና አያያዝ ሥራዎች፣ እንዲሁም የማኅበራት አመራር በዚህ ረገድ ያለበትን ድርሻ ማሳየት ነው።

ስለ አነዳድ ችሎታ ሲነሳ ብዙ ጀማሪ ቶሎ የሚመኘው ፍጥነትን ነው። ነገር ግን ለእሽቅድምድም የሚሠለጥኑ ነጂዎች እንኳ በቅድሚያ የሚማሩት አርቆ ማየትን፣ ከመታጠፊያ በፊት ፍሬን መያዝንና መሪን በለዘብታ ማዞርን ነው። እነዚህ ሦስቱ ለእሽቅድምድም ነጂ ካስፈለጉ፣ 50 ኩንታል ጭኖ ገደል ለሚወርድ ሾፌር ይበልጥ ያስፈልጋሉ።

የቁልቁለት ትምህርት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የአባል ገበሬ ልጅ የሆነ፣ ለሦስት ዓመት በረዳትነት ሠርቶ መንጃ ፈቃዱን በቅርቡ ያወጣ ወጣት አለ እንበል። ባለ 50 ኪሎ 100 ከረጢት ማዳበሪያ በኤን ፒ አር አይሱዙ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ይጓዛል። አጠገቡ አንድ አንጋፋ ሾፌር ተቀምጠዋል። ወሩ ሰኔ ነው። አባላት ከጧት ጀምረው በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ተሰልፈዋል፤ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅም በየግማሽ ሰዓቱ እየደወለ «የት ደረሳችሁ?» ይላል።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ወጣቱ ለመድረስ ስለቸኮለ በአራተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ እግሩንም ከፍሬኑ ላይ አያነሳም። ቁልቁለቱ ሲጋመስ የተቃጠለ ነገር ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ፔዳሉም ጠንከር ማለቱን ትቶ ወደ ውስጥ ጠለቅ ማለት ይጀምራል።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ የላላ መሰለኝ» ይላል ወጣቱ።

«ልጄ፣ እየያዘልህ ሳለ ቦታ ፈልገህ ቁም። ኋላ ልቁም ብትል እሺ አይልህም» ይላሉ አንጋፋው።

ሰፋ ካለ የመንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋሉ፤ ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። ማዳበሪያው መጋዘን የሚደርሰው ከመሸ በኋላ ነው። ከአባላቱ አንዱም፣ «እኛን ፀሐይ ሲበላን እናንተ መንገድ ላይ ተኝታችኋል?» ብሎ ይቆጣቸዋል።

ወጣቱ ጥፋት አለበት ወይ? አዎን፣ አለበት። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የተሠራው ሽታው በመጣበት ቦታ ሳይሆን ከላይ አፋፉ ላይ፣ ማርሽ ሲመርጥ ነው። መኪናው ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ያህል ቢመዝን፣ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ የሚፈጠረው ሙቀት ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ካረፈ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጠር ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም ኃይሉ ጎማው ዘንድ አይደርስም።

መፍትሔው ሸክሙን ለሞተሩ ማካፈል ነው። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ቢወጣ የሚጠቀምበትን ማርሽ ወይም ከዚያ ያነሰውን ያስገባል። የጭስ ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ ይከፍተዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይይዝና ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይለቀዋል። ቀለል አድርጎ ሳያቋርጡ መርገጥ ግን ፍሬኑን የመብረጃ ጊዜ ይነሳዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተ አንድ ልማድ መነሳት አለበት። ይኸውም ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በፎሌ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ ሲወርድና ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ናፍጣው ይቋረጣል ወይም እጅግ ይቀንሳል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ለፍሬንና ለመሪ የሚሰጠው እገዛ ስለሚቀር ሁለቱም ይከብዳሉ። በመሆኑም በዚህ መንገድ የሚቆጠብ ነዳጅ የለም፤ የሚጠፋው ግን ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ፍሬኑ ከነአካቴው እምቢ ካለ ሾፌሩ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጣል፣ ማርሽ በተቻለ መጠን ዝቅ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይስባል፣ በጥሩምባና በመብራት ሌሎችን ያስጠነቅቃል። መምረጥ ግድ ከሆነበትም ከገደሉ ይልቅ ወደ ተራራው ይጠጋል። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ታምቡሩን ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይገባም። መኪናው ሲነሳም በታኮነት ያገለገለውን ድንጋይ ከመንገዱ ማንሳት የሾፌሩና የረዳቱ ግዴታ ነው፤ የተተወ ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣው ሌላ መኪና አደጋ ይሆናልና።

አራት የአነዳድ ልማዶች

አንደኛ፣ ዓይን ሩቅ ይይ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዓይኑን ከፊቱ ጎማ ሥር የተከለ ጀማሪ፣ ከብት መንገድ ሲገባ የሚያየው ማድረግ የሚችለው ነገር ካለፈ በኋላ ነው። በገበያ ቀን በከተማ ዳር የሚያልፍ ሾፌር አህያው ወይም ሕፃኑ መንገድ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን ቀንሶ መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ ይያዝ። በመታጠፊያው ውስጥ በድንገት የተያዘ ፍሬን፣ በተለይ በጠጠር መንገድ ላይ፣ ጎማውን ያንሸራትታል። ከፍ ብሎ የተጫነ መኪናም በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑን በቀላሉ ይስታል።

ሦስተኛ፣ እጅም እግርም ይለዝብ። መሪን መንጨቅ፣ ፍሪሲዮንን በድንገት መልቀቅ፣ ፍሬንን ያለ አስፈላጊነት መደብደብ ጭነቱን ያናውጣል፣ ጎማና ባሌስትራ ይጨርሳል።

አራተኛ፣ ከፊት ካለው መኪና ራቅ ይባል። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ሲጨምር እጥፍ ነው፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚያስፈልገው ርቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። አስፋልቱ ሲረጥብ ወይም አቧራ ዓይን ሲጋርድ ርቀቱ ይበልጥ መስፋት አለበት።

እነዚህ ልማዶች በወሬ ብቻ አይያዙም። ስለዚህ ጀማሪው ለዋናው መንገድ ከመሰጠቱ በፊት ሰውና ከብት በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ቢለማመድ ይመረጣል። ጭድ የተሞላ ከረጢት በምልክትነት ይቀመጥ፤ ጀማሪው በ20 ከዚያም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥቶ ምልክቱ ዘንድ ፍሬን ይያዝ፤ መኪናው የቆመበት ርቀት በእርምጃ ይለካ። ልምምዱ በመጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ቀጥሎም ከጭነት ጋር አንጋፋ ሾፌር ባለበት ይደረግ። ልዩነቱን በራሱ እርምጃ የለካ ወጣት ሌላ ማስጠንቀቂያ ብዙም አያሻውም።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ገበሬ በሬውን ከመጥመዱ በፊት ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ሞፈርና ቀንበሩንም ያያል። ሾፌርም በየማለዳው እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል። ሥራው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የሞተር ዘይት መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሞተሩ ሳይነሳ ይለካል፤ በመለኪያ ዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የራዲያተር ውኃ ሞተሩ ሳይግል ይታያል፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ከተከፈተ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቺንጊያው አለመላላቱና አለመሰንጠቁ፣ የፍሬን ዘይቱም አለመጉደሉ ይታያል። የፍሬን ዘይት ከጎደለ ሞልቶ ከመሄድ በፊት የጎደለበትን ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ በቶሎ የሚፈላ ስለሚሆን፣ ፋብሪካው በወሰነው ጊዜ መለወጥ አለበት።

ጎማ የሚለካው ሳይግል ነው። በኋላ በኩል ጥንድ ሆነው ከሚሠሩት ጎማዎች የውስጠኛው ቢተነፍስ ከውጭ ስለማይታወቅ በተናጠል ይለካ፤ በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም ይውጣ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ተጉዞ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። መብራት፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ክሪክ፣ መለዋወጫ ጎማና ታኮ መኖራቸውም ይረጋገጥ።

በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ በዚህም ምክንያት ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል። የናፍጣ ፊልትሮ ውኃ ማጠራቀሚያ ካለው ውኃው በየጊዜው ይውጣ። በአየር የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ከፍ ያሉ መኪናዎች ደግሞ በአየር ጋናቸው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ሊፈስላቸው ይገባል።

አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ ጠብታው ሳይበዛ የሚታይ መኪና በጥቂት ብር ይድናል። የታየው ጉድለት ሁሉ በመኪናው ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፍ። ደብተሩ ጉድለቱን ማን እንዳየና ማን እንዳልጠገነ ይመሰክራል።

ጭነትን በሚመለከት

በኅብረት ሥራ ማኅበራት መኪና ላይ የሚታይ አንድ የተለየ ችግር አለ። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፤ ከስፖንዳውና ከወለሉ ሥር ተከማችቶም ብረቱን ያዝገዋል። ስለሆነም ማዳበሪያ የጫነ መኪና እንዳራገፈ ተጠርጎ በውኃ መታጠብ፣ እህል ከመጫኑም በፊት መድረቅ አለበት። ፀረ ተባይ መድኃኒትና እህል ደግሞ ፈጽሞ አብረው አይጫኑም።

ከረጢቶቹ ወደ አንድ ጎን ሳያዘነብሉ ተደልድለው በገመድ ይታሰሩ። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ግን ዝምድናም ሆነ ውለታ ሊፈቅደው አይገባም። ከአፋፍ ላይ ጎረቤቱን «ውረድ» ለማለት ያፈረ ሾፌር፣ በኋላ ለጎረቤቱ ቤተሰብ መርዶ ነጋሪ ሊሆን ይችላል።

የአመራሩ ድርሻ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሾፌሩን ኃላፊነት ይመለከታል። ነገር ግን በምሳሌው ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ይደወል የነበረው ስልክም የጉዞው አካል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ክፉ አስቦ አልደወለም፤ አባላቱ አስጨንቀውት ነው። አባላቱም የዘሩ ወቅት እያለፈባቸው ነው። ጭንቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ የሚያርፈው በሾፌሩ የነዳጅ እግር ላይ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የሥራ አመራር ኮሚቴ ሦስት ነገሮችን ቢወስን ይበጃል። አንደኛ፣ በጉዞ ላይ ላለ ሾፌር እንዳይደወል፤ ሾፌሩ ራሱ በሚያርፍበት ቦታ ቆሞ ይደውል። ሁለተኛ፣ ፍሬን፣ ጎማ ወይም መሪ ጉድለት አለበት ብሎ «አልንቀሳቀስም» ያለ ሾፌር ጉድለቱ እስኪታይ ድረስ ከደመወዙም ሆነ ከአበሉ እንዳይቀነስበት። ሦስተኛ፣ ለጥገና የተያዘ በጀት ለሌላ ሥራ እንዳይዞር። የወረዳ ባለሥልጣናትም ማዳበሪያው ቀደም ብሎ እንዲንቀሳቀስ ቢያደርጉ ሾፌሩ በሰኔ ጭንቀት ሌሊት ለመንዳት አይገደድም።

በመጨረሻም ወደዚያ ወጣት መመለስ ተገቢ ነው። ያን ምሽት 100 ከረጢቱ ሳይጎድል ደርሷል፤ ሁለት ሰዎች ወደ ቤታቸው ገብተዋል፤ መኪናውም በማግስቱ ለሌላ ጭነት ተሰልፏል። የተቆጣው አባልም በማለዳ ማዳበሪያውን በአህያው ጭኖ ሄዷል። ወጣቱ ግን በመልሱ ጉዞ ከደጀን አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳያሳስበው ቆሞ ጎማውን ዞሮ ያያል፤ ማርሹንም ዝቅ አድርጎ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ከአንድ ጀማሪ ሾፌር የሚጠበቀው ችሎታ ይኸው ነው። ለዚህ የሚሆነውን ጊዜ መስጠት ደግሞ የማኅበሩ ፋንታ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል! መልካም ጉዞ!