ከመዝገብ የሚወድቅ ስም



በማሻና በአካባቢዋ ቡና የሚያመርት ገበሬ ስሙ በአንድ መዝገብ ብቻ ሰፍሮ አይቀርም። አንዱ ፋይል ስሙንና ቀበሌውን፣ ሌላው ስሙንና የማሳውን መገኛ ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ እንዲታወቅ ስለሚጠይቅ፣ ሁለቱን ፋይሎች ማገናኘት የገበሬውን ገበያ የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

ሥራው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በቤል ላቦራቶሪዎች የተፈጠረው አውክ፣ በጥቂት የሼል መስመሮች ሲታዘዝ፣ የመጀመሪያውን ፋይል አንብቦ ይይዛል፤ ሁለተኛውን በየመስመሩ እያነበበ ተመሳሳይ ስም ሲያገኝ መረጃውን አጣምሮ ያወጣል። ጆይን የተባለው ትእዛዝም ሁለቱ ፋይሎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ከተደረደሩ ይህንኑ ይፈጽማል።

ችግሩ ያለው ከስሙ ላይ ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለውና። «ወልደ ማርያም» ተነጣጥሎ ሲጻፍም፣ ክፍተትን እንደ ዓምድ ድንበር የሚቆጥረው አውክ ተከታዮቹን ዓምዶች ሁሉ ከቦታቸው ያፋልሳል። የሸካ ዞን በ2014 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል ወጥቶ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ስለተካተተ፣ አሮጌውና አዲሱ መዝገብ ስለ አንዲት ማሻ ሁለት ክልል ይናገራሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። ጆይን ካልታዘዘ በቀር ተጣማሪ ያጣውን መስመር አያወጣም። በአውክም ለአንድ ስም አንድ መረጃ ብቻ እንዲያዝ ከተደረገ፣ ሞክሼዎች ሲያጋጥሙ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል። ገበሬው ከዝርዝሩ መውደቁን የሚያውቀው ቡናውን ሊሸጥ ሲመጣ ነው።

ስለሆነም ባለሙያው ዋናውን መዝገብ ሳይነካ በቅጂው ላይ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ይመልስ፤ ዓምዶቹን በታብ ይለይ፤ የሚቻል ሲሆን ከስም ይልቅ በቋሚ መለያ ቁጥር ያጣምር። ፊደል ማስተካከሉ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎችን አንድ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የአባት፣ የአያትና የቀበሌ ስምም ይመሳከር። ያልተጣመሩት መስመሮች በሌላ ፋይል ወጥተው ለየቀበሌው ይላኩ። በመጨረሻም የተጣመሩትና ያልተጣመሩት ገበሬዎች ቁጥር ተደምሮ ከመነሻው መዝገብ ጋር እኩል መሆኑ ሳይረጋገጥ ሥራው ተፈጸመ አይባልም።