የንጥረ ነገሮች ስምና እንቆቅልሹ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የኬሚስትሪው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተማሪዎች በደብተራቸው ጀርባ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ። ይኸውም የንጥረ ነገሮችን ምልክቶች እየገጣጠሙ ቃል መሥራት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ካሉት 118 ንጥረ ነገሮች የአንዱ ምልክት ያልሆነ ፊደል አይገባም። «ቡና» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ የቦሮን «ቢ»፣ የዩራኒየም «ዩ»፣ የሶዲየም «ኤን ኤ» ተራ በተራ ተሰልፈው ያለ አንዳች ጉድለት ይሠሩታል። ጀበናው ግን አይሠራም፤ «ጄ» የምትባለው ፊደል በመላው ሠንጠረዥ ውስጥ የለችምና። የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ኮባልት፣ ፍሎሪንና ብረት እስከ መጨረሻው ካደረሱት በኋላ አንዲት «ኢ» ትተርፋለች፤ ለብቻዋ የቆመች «ኢ» የማንም ምልክት አይደለችም። ቃሉ በብዙ ቁጥር «ኮፊስ» ከተባለ ግን አይንስታይኒየም ይደርስለትና ይሞላል። አንድ ስኒ አይቻልም፣ ሁለት ስኒ ይቻላል ማለት ነው።

እነዚህን ምልክቶች በፊደል መልክ ያወጣቸው ስዊድናዊው ሊቅ ዮንስ ያኮብ ቤርሴሊየስ ነው። በ1813 እና በ1814 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የላቲን ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ሁለት ስሞች ሲጋጩም ሌላ ፊደል ተጨምሮ፣ ምልክት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ፊደል ለመጻፍ ይቀላል፣ የታተመንም መጽሐፍ መልክ አያበላሽም የሚል ነበር ምክንያቱ። ከእርሱ ቀደም ብሎ ክቦችን በነጥብና በመስመር እየለየ ይጠቀም የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን ግን አዲሱን ዘዴ ፈጽሞ አልወደደውም፤ ለጀማሪ ተማሪ ይህን መማር ዕብራይስጥ የመማር ያህል ነው እስከ ማለት ደርሷል።

ዳልተን ያዘነለት ተማሪ እንግሊዝኛን ከእናቱ የተማረ ነበር። የጎንደር ወይም የደሴ ተማሪ በቤቱ «ብረት» ብሎ ያወቀውን ነገር በክፍል ውስጥ «አይረን» ሲባል ይሰማል፤ በፈተና ወረቀቱ ላይም «ኤፍ ኢ» ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ደግሞ «ፌሩም» የተባለ የላቲን ቃል ስባሪ መሆኑን የሚነግረው ሰው ከስንት አንድ ነው። ለዚህ ልጅ እንቆቅልሹ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ተደራርቦበታል።

ወደ ጨዋታው ለመመለስ፣ «ወርቅ» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደሉ በ«ኬ» ከተጻፈ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይሠራል፤ የቱንግስተን «ደብልዩ»፣ የኤርቢየም «ኢ አር»፣ የፖታሲየም «ኬ»። («ቅ»ን በ«ኪው» መጻፍ የሚሻ ሰው ዕድል የለውም። «ኪው» በ114ኛው ንጥረ ነገር ጊዜያዊ ምልክት ውስጥ ነበረች፤ በ2012 ፍሌሮቪየም የሚለው ስም ሲጸድቅ ግን አብራ ወጣች።) ሦስቱም ብረታ ብረት ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱም ወርቅ አይደለም። ቅኔ የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በቅኔ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል፤ እዚህ ሰሙ ቢቀልጥ ከሥሩ የሚገኝ ነገር የለም። ኤርቢየም ስለ ወርቅ የሚያስተምረው አንዳች ቁም ነገር የለውምና።

የጨዋታው ድካም ይህ ነው፤ ፊደሉን ያስጠናል፣ ነገሩን አያስተዋውቅም። ጉዳት የሌለው ጉድለት ይመስላል። ዳሩ ግን «ኤች ጂ» የሜርኩሪ ምልክት ነው ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ሲሰበር ወለሉ ላይ የሚንከባለለውን ባዜቃ በመዳፉ ይዞ ሊጫወትበት ይችላል። በደብተሩ ላይ ያለው «ኤች ጂ» እና በእጁ ላይ ያለው ባዜቃ አንድ መሆናቸውን፣ ትነቱም በሳንባ ገብቶ ነርቭን እንደሚጎዳ ያገናኘለት ሰው የለም።

ነገሩን ራሱን በውስጣቸው የያዙ የስም እንቆቅልሾች ግን አሉ። በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ በፋብሪካ ይመረት የነበረው ሰው ሠራሽ ጎማ ስሙ «ቡና» ነበር። ከቡና ተክል ጋር ዝምድና የለውም፤ ቡታዳይን ከሚለው «ቡ»፣ ናትሪየም ከሚለው የሶዲየም የላቲን ስም ደግሞ «ና» ተወስዶ የተሠራ ነው። ቡታዳይን ጥሬ ዕቃው ነበር፤ ሶዲየም ሞለኪውሎቹ እንደ ሰንሰለት መያያዝ እንዲጀምሩ የሚያደርገው ነበር። በተማሪዎቹ ጨዋታ «ኤን ኤ» ባዶ ፊደል ነው፤ በጎማው ስም ውስጥ ግን እውነተኛ ሶዲየም ነው። ስሙን የፈታ ሰው የአሠራሩን ግማሽ አወቀ።

የጋሊየም ታሪክ ከዚህም ይጥማል። ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ በ1871 ከአሉሚኒየም በታች ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር መኖር እንዳለበት፣ እፍጋቱም 5.9 ገደማ እንደሚሆን ጽፎ ነበር። በ1875 ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ንጥረ ነገሩን አገኘና በፈረንሳይ ጥንታዊ የላቲን ስም ጋሊየም አለው። «ለኮክ» በፈረንሳይኛ አውራ ዶሮ ነው፤ አውራ ዶሮ ደግሞ በላቲን «ጋሉስ» ይባላል። ስለዚህም የራሱን ስም በአገሩ ስም ሸፍኖ አስገባ ተብሎ ተጠረጠረ፤ እርሱም በ1877 አስተባበለ። ሐሜቱ ይቆየንና፣ ለኮክ መጀመሪያ የለካው እፍጋት 4.7 ነበር። ሜንዴሌየቭ ልክ አይደለም ቢለው እንደገና አጣርቶ ለካና 5.9 ሆኖ አገኘው። ያላየው ሰው ያየውን አረመው።

የአማርኛ ስሞችም እንዲህ ያለ ሀብት አላቸው፤ ለክፍል የሚጠቅመውም ይኸኛው መንገድ ነው። ገንዘቡ ብር በምህጻረ ቃል ሲጻፍ የላቲኑ «ቢ አር» የብሮሚን ምልክት ይሆናል፤ ማዕድኑ ብር ግን «ኤ ጂ» ነው። ሁለቱ ተጣምረው የሚገኙት በፎቶግራፍ ፊልም ላይ፣ ብርሃን በሚያጠቁረው ብር ብሮማይድ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ የ50ኛው ንጥረ ነገር ስም ነው፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው።

መምህሩ እንደ አያቶች ወግ «እንቆቅልሽ» ቢል፣ ክፍሉም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ቢመልስ፣ ጥያቄው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ውሃ ይመስላል፣ እንጨት አያርስም፤ እርሳስን በጀርባው ይሸከማል፣ ወርቅን ይውጣል። መልሱ ባዜቃ ነው። የእርሳስ እፍጋት 11.3፣ የባዜቃ 13.5፣ የወርቅ 19.3 ስለሆነ እርሳስ ይንሳፈፋል፣ ወርቅ ይሰጥማል። «ይውጣል» መባሉም ለቃል ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፤ ባዜቃ ወርቅን ወደ ራሱ እንደሚያዋህድ ወርቅ አውጪዎች ያውቁታል፣ በትነቱም ይታመማሉ። ይህን የፈታ ልጅ ቴርሞሜትር ሲሰበር መስኮት ይከፍታል፣ በእጁም አይነካውም።

ሌላም አለ፦ ስሙ እርሳስ፣ በውስጡ እርሳስ የለ። ክፍሉ መልሱ ጠፍቶት አገር ቢሰጥ አያስደንቅም፤ መልሱ ሁሉም የሚጽፉበት እርሳስ ነው። በውስጡ ያለው ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው። ስሕተቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛውም ጀርመንኛውም ይህንኑ መጻፊያ በእርሳስ ስም ይጠሩታል። ግራፋይት የእርሳስ ወገን ሳይሆን የካርቦን ዓይነት መሆኑን ካርል ቪልሄልም ሼሌ ያሳየው በ1779 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሊቃውንቱም አገር ሲሰጡ ነበር።