ጠያቂው በልቡ ይዞት የሚመጣው መልስ
(በሊሙ ገነት ለሙያ ባልደረቦች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ሊሙ ገነት የሊሙ ኢናርያ ነገሥታት መናገሻና ገበያ ከነበረችው ከሳቃ ብዙ አትርቅም። በአባ ቦጊቦ ዘመነ መንግሥት፥ እ.ኤ.አ. በ1843፥ አንትዋን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ወደዚህ አገር መጣ። ቋንቋ የሚያጠና፥ የተራራውን ከፍታ የሚለካ፥ የሰማውን ሳይታክት የሚጽፍ ትጉህ ሰው ነበር። ዳሩ ግን የነጭ ዓባይን ምንጭ ለማግኘት ቆርጦ የተነሣ ነበርና፥ በ1846 በባብያ ጫካ የግቤን ምንጭ ባየ ጊዜ የፈለገው የተገኘ መስሎት የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። ቻርለስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ በጽሑፍ ቢሞግተውም ለዓመታት ከአሳቡ ንቅንቅ አላለም። ግቤ ግን ወደ ኦሞ፥ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ሰውየውን ያሳተው የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን ቀድሞ በልቡ የያዘው መልስ ነው።

ይህን ማንሣቴ በሟች ለመሳለቅ አይደለም፤ እኔም በዚሁ ተሰናክያለሁና። በአንድ የቡና መንደር የለቀማውን ገንዘብ በቤት ውስጥ የሚያዝዝበት ማን እንደ ሆነ በአስተርጓሚ ጠየቅሁ። ሃያ ሴቶች «አባወራው» አሉኝ። መልሱ አንድ ዓይነት መሆኑ የእውነት ምልክት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ እኔም የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር። አስተርጓሚው የቀበሌው ሹም እንደ ነበረ ግን ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። ሴቶቹ በእርሱ ፊት ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል?

ከወራት በኋላ፥ ኦሮምኛ ጥቂት ለምጄ ብቻዬን ስመለስ፥ አንዲት እናት ቡና ቀላ አቀረቡልኝ። በቅቤ የበሰለውን የቡና ፍሬ እየቀመስን ስለ ዝናቡ፥ ስለ ልጆቹ፥ ስለ ገበያው ተጫወትን። ምንም ሳልጠይቃቸው፥ ከዛፉ ሥር የሚረግፈው ቡና ቃርሚያ የእርሳቸው መሆኑን፥ የልጆቹ ደብተርና ጨው የሚገዛውም በእርሱ መሆኑን ነገሩኝ። ሃያዎቹን መልሶች መልሼ ሳነብ ከእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንደ ጠየቀ፥ በምን ቋንቋ፥ ማንስ ቆሞ ይሰማ እንደ ነበር አልተጻፈም። ያለዚህ መልሱ የማን እንደ ሆነ እንኳ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም፤ ለሚከተሉኝ ወጣቶችም መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው።

ተነሥቼ ስሰናበት እኚያ እናት፥ «ልጄ፥ አባወራው እንዳይሰማ» አሉኝ። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ተልኮ ስለ ነበር ማረሚያ ጽፌ ላክሁ፤ የመንደሩን ስም ግን አላገባሁበትም። ዛሬም ከመካከላችሁ ስሙን የሚጠይቀኝ ቢኖር አልነግረውም።