«ተይዟል» ስለሚለው የከርነል መልስ
(በማኅበሩ የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልንናገር የተነሣነው ስለ ትልቅ ግኝት አይደለም፤ በቤተ ሙከራችን ሦስት ቀን ሙሉ ስላታገለን ስለ አንድ እንቢታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ በሚሠራበት በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የሙቀቱን መጠንና የማራገቢያውን ፍጥነት ለማንበብ ፈለግን። የሚለካው ቺፕ በማዘርቦርዱ ላይ አለ፤ አይቲ87 የሚባለው ድራይቨርም ከከርነሉ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ልንጭነው ስንሞክር ግን ከርነሉ «ዕቃው ወይም ሀብቱ ተይዟል» ብሎ መለሰን። ማን ያዘው?

እንደሚታወቀው ከርነል የማሽኑን ንብረት ሁሉ የሚያከፋፍል የሥርዓቱ እምብርት ነው። አንድ ድራይቨር ፖርት ከመንካቱ በፊት ማስመዝገብ አለበት፤ መዝገቡም ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ አዮፖርትስ ከተባለው ፋይል ይነበባል። (ፋይሉን እንደ ተራ ተጠቃሚ የሚከፍት ሰው አድራሻዎቹን ሁሉ ዜሮ ሆነው ያገኛቸዋል፤ እኛም የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ያባከንነው በዚሁ ነው።) በአስተዳዳሪነት ሥልጣን ከፍተን ስናይ የምንፈልጋቸው ሁለት ፖርቶች፣ ማለትም በባለ 16 መሠረት አቆጣጠር 295 እና 296፣ በማንም ስም አልተያዙም።

የከርነሉን የመልእክት መዝገብ ስናነብ ምሥጢሩ ተገለጠ። ባለይዞታው ሌላ ድራይቨር ሳይሆን የማሽኑ ፈርምዌር ኖሯል። ፈርምዌሩ ኤሲፒአይ በሚባለው ደንብ መሠረት በሚያቀርባቸው ሰንጠረዦች ውስጥ «እነዚህን ፖርቶች እኔ እጠቀምባቸዋለሁ» ብሎ አስታውቋል። ይህ ማስታወቂያ በእኛ አዮፖርትስ ውስጥ አልታየም፤ ከርነሉ የሚያመሳክረው ለብቻው ነውና። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ከወጣው ከ2.6.31 እትም ጀምሮ ሁለቱ ሲጋጩ ድራይቨሩን መከልከል የተለመደ ደንብ ሆኗል።

ከመካከላችን «ማሽኑ የእኛ ነው፤ ክልከላው ይነሣ» ያሉ ወዲያው ተገኙ። መንገዱም አለ፤ ማሽኑ ሲነሣ ለከርነሉ በሚሰጠው ትእዛዝ ቁጥጥሩን «ላክስ» ብሎ ማላላት፣ ወይም «ኖ» ብሎ ጨርሶ ማስቀረት ይቻላል። አላላነው። ድራይቨሩ ተጫነ፤ ሙቀቱ 41 ዲግሪ ነው አለን፤ ደስ አለን። ማታውን ግን 41፣ 41፣ 42 ሲል የቆየው ቁጥር ድንገት 0 ሆነ፤ ወዲያውም ወደ 42 ተመለሰ። ማሽን በአንድ ሰኮንድ እንዲህ አይበርድም።

ቺፑ በውስጡ ብዙ መዝገቦች አሉት፤ ለዚህ ሥራ የተከፈቱት በሮች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። በ295 የተፈለገው መዝገብ ቁጥር ይጻፍለታል፤ በ296 መልሱ ይነበባል። ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ሄዳችሁ ሠራተኛውን «ከ7ኛው መደርደሪያ አምጣልኝ» አላችሁት እንበል። ገና ሳይንቀሳቀስ ሌላ ሰው መጥቶ «ከ3ኛው» ቢለው፣ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው የሌላው ሰው መጽሐፍ ነው። ሠራተኛው አልዋሸም፤ በመጨረሻ የተጠየቀውን አመጣ። ስለዚህ «እኛ ማንበብ ብቻ ነው የፈለግነው» የሚለው ክርክር አይጸናም፤ በዚህ ቺፕ ዘንድ ለማንበብም መጀመሪያ መጻፍ ግድ ነው። ይባስ ብሎ ፈርምዌሩ በበኩሉ ለእኛ የመጣውን መልስ ወስዶ ማራገቢያውን በዚያ ሊያዝ ይችላል።

ከርነሉ ሁልጊዜ ልክ ነው አንልም። ከርነሉ የሚያውቀው የታወጀውን እንጂ በእርግጥ የሚሠራበትን አይደለም፤ ፈርምዌር ፖርቱን አስታውቆ ጨርሶ የማይነካው ከሆነ ክልከላው ከንቱ ነው። ይህን ለመለየት ሰንጠረዦቹን ገልብጠን፣ ሰው ወደሚያነበው ጽሑፍ መልሰን፣ ተራ በተራ ተከፋፍለን አነበብን። አሰልቺ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሙቀት በተጠየቀ ቁጥር በ295 የሚጽፈውን ክፍል አገኘነው።

ቁጥጥሩን ወደ ነበረበት መለስን። አሁን ሙቀቱን የምናነበው ኤሲፒአይ ራሱ በሚሰጠው መንገድ ነው፤ የማራገቢያው ፍጥነት ግን በዚያ በኩል ስለማይገኝ ቀርቶብናል። የሰንጠረዡ ግልባጭ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የተሰመረበትን ገጽ ተመልክቶ የተሳሳትንበትን የሚያሳየን ቢኖር እናመሰግናለን።