ከሣጥን የወጣው ሰንጠረዥና የቀለማችን ነገር

(ባለፈው እሑድ በማኅበራችን አዳራሽ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



የምንናገረው ስለ ጨዋታ ነው። «ለጨዋታ ደግሞ ንግግር ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እሑድ እሑድ ከአዳራሹ ጥግ የሚሰማው ጭብጨባ ምንድን ነው እያላችሁ ስትጠይቁን ስለቆያችሁ፣ እነሆ መልሱ።

ባለፈው ክረምት የማኅበሩን ዕቃ ቤት ስናጸዳ ከድንኳኑ ሥር አንድ ሣጥን አገኘን። ውስጡ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለሉ 31 የእንጨት ቅርጾች ነበሩ። ጨርቁ ላይ 7 ሰማያዊ መስመር በቁም፣ 7 በአግድም ተሰፍቶበታል። ጥቁርና ነጭ ቤት ስለሌለው መጀመሪያ የጠረጴዛ ልብስ መስሎን ነበር። ኋላ ቤቶቹን ብንቆጥር 64 ሆኑ። ቼዝ ነዋ! አልን።

ቅርጾቹ ከማርጀታቸው የተነሣ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አይለዩም። ለበር ተገዝቶ የተረፈ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ነበረንና እንቀባቸው ተባለ። እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር፤ ሳንፍቅ፣ አቧራውን እንኳ ሳንጠርግ በወፍራሙ ለቀለቅነው። በማግሥቱ ብንመጣ ፈረሱ ጆሮ የለውም፣ ትንንሾቹም ከተቀመጡበት ጋዜጣ ጋር ተጣብቀዋል። እንደገና በአኳራጅ አጥበን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ ቀለሙን አቅጥነን በስሱ ሁለት ጊዜ ቀባን፤ በመካከሉም አንድ ሌሊት አሳደርነው። ለዓይንና ለልጓም የስቴኪኒ ጫፍ ከብሩሽ ይበልጣል፤ ይህን ከእኛ ተማሩ። ንግሥቲቱንም ነጠላ አልብሰን ጥለቷን በቢጫ አወጣንላት። እውነቱን ለመናገር እጅግ አምራ ነበር።

ታዲያ ፀሐይ ላይ ደርድረናቸው ሳለ፣ ከቤት መውጣት ትተው የቆዩ አንድ አባታችን በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ሲያልፉ ቆም አሉ። ንግሥቲቱን አንሥተው በጣታቸው ዳሰሷትና፦

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

«ንግሥት ናት፣ አባባ።»

«የምን ንግሥት! ሰንጠረዥ ንግሥት የለውም። ይሄ ፈርዝ ነው፤ የንጉሥ አማካሪ። በማዕዘን አንድ ቤት ይሄዳል፣ በቃ።»

ሣቁብን። ከዚያም ተቀመጡ፤ እስኪመሽ አልተነሡም።

እሳቸው ከአባታቸው የተማሩት ጨዋታ ዛሬ ቼዝ ከምንለው ይለያል። ፊል የሚባለው ዝሆን በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ላይ ማንም ቢቆም አይገደውም፤ ቀኑን ሙሉ ቢዘል ግን ከ64ቱ ቤት የሚደርሰው 8ቱን ብቻ ነው። መደቅ ከመነሻውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። ያስገረመን ግን አጀማመሩ ነው። «ተራህን ጠብቅ!» ብንባባል፣ «ማን ተራ አለ?» አሉን። የመጀመሪያው ጠባይ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ሳይጠባበቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። መጀመሪያ ቀን ጣት ለጣት ተጋጭተናል።

አጨራረሱም ክብር አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ያው ማሸነፍ ነው እንጂ አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ይወደሳል፤ በመደቅ የያዘ ግን ይጨበጨብለታል። ያ የምትሰሙት ጭብጨባ ይኸው ነው። ባለፈው አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከመካከላችን አንዱን በመደቅ ይዛው፣ ሰውየው ሳምንቱን በሌላ መንገድ ሲዞር ከረመ።

የአባታችንን ቃል ከጽሑፍ ጋር አመሳክረናል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ያወጣው ጥናት አለ። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ጽፏል። የመኳንንት ቤት ጨዋታ ነበር፤ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1936 አገራችንን ከያዘ ወዲህ ግን እየቀረ ሄደ፤ ቼዝም ቦታውን ወሰደ።

ስለዚህ ንግሥቲቱን ፍቀን ጥምጥምና ካባ አደረግንላት። ነጠላው ሲፋቅ ቅር ያላቸው እናቶች ነበሩ፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሌላም ያልጠረጠርነው ነገር መጣ። ሲመሽ አባታችን በጠላት መደቅ ይጫወቱ ጀመር። ለካ ዓይናቸው ቀይና ሰማያዊ አይለይም! ያ ሁሉ ቀለም ለእሳቸው ምንም ነበር። አላፈርንም አንልም። አሁን በሰማያዊዎቹ ሁሉ አናት ላይ የስቱኮ ጠብታ አድርገንባቸዋል፤ እሳቸውም በጣታቸው እየዳሰሱ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

ከፋሲካ በኋላ አባታችን ልጃቸው ዘንድ ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳሉ። በሰፈራችን ወረራውን ከነሕጉ የሚያውቅ ሌላ ሰው እስካሁን አልመጣልንም። እኛ ገና ተማሪ ነን፤ ስንጣላ ዳኛችን እሳቸው ናቸው። የሚያውቅ አባት ወይም እናት ያላችሁ ወንበር ይዘን እቤት ድረስ እንመጣለንና ንገሩን። ሣጥኑም የማን ቤተሰብ እንደነበር የምታውቁ እንዲሁ፤ ባለቤቱ ከመጣ ከነቀለሙ እናስረክባለን።

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ጥግ ነን። 32ኛው መደቅ አልተገኘም፤ ለጊዜው የጠርሙስ ቡሽ ቀይ ቀብተን ተክተነዋል።