ከነቀምቴ አዲስ አበባ በአንድ ቻርጅ?

ነቀምቴ ውስጥ ቡርቃ ጃቶ ላይ የመሥሪያ ቤት ኪራይ መኪና ለመስክ ሥራ ሲወጣ ሾፌሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ነዳጅ ነው። ይህ ጥያቄ መቀየሩ አይቀርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ መሥሪያ ቤት ቢገዛም ቢከራይም፣ ከእንግዲህ ከውጭ የሚመጣለት አዲስ አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይሉስ? ነቀምቴ ላለችበት ለወለጋ እንግዳ አይደለም። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያመነጫል፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ኃይል መኖሩ አንድ ነገር፣ ሳይቆራረጥ ሰፈር ድረስ መምጣቱ ሌላ።

ከነቀምቴ አዲስ አበባ፣ በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ አድርጎ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ባትሪ ይበላል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየዞረ ጥቂቱን ይመልሳል። ባትሪንና ቤንዚንን ያጣመረ፣ ቀድሞ የገባ ሃይብሪድ መኪና የሚጠቅመው በእንዲህ ያለ ረጅም መንገድ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ቤንዚኑ ይቀጥላል። ለከተማ ሥራ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ኤሌክትሪኩ ይሻላል፤ ማታ ግቢ ውስጥ ተሰክቶ ያድራል። የኪራይ ውል የምትፈርሙ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የቻርጁን ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው?